የብረት ፍሬ ጥይት ከማጉረሳችሁ በፊት

የአክስቴ ልጅ ሚኒሶታ ነው የሚኖረው። አንድ ቀን ማታ አራት ሰዓት ላይ ደወለ፤ እሱ ጋ ገና ቀን ነው። ሰላም ሳንባባል ደስታው ከድምፁ ያስታውቃል። «ጋሼ፣ የአባባን ጠመንጃ አገኘኋት! ቁርጥ እሷን!» አለኝ። ከአንድ ሽማግሌ የገዛት ባለሁለት አፈሙዝ ሾትጋን ናት፤ ደሴ ሳሎናችን ግድግዳ ላይ ተሰቅላ እያየናት ያደግናትን ትመስላለች። ፎቶዋን በቴሌግራም ላከው። እውነትም ቁርጥ እሷ፣ የሰደፏ ቀለም ሳይቀር። ከጎኗ ግን ሽማግሌው በምራቂ የሰጠው አንድ ካርቶን ጥይት ይታያል፤ ላዩ ላይ «ስቲል» የሚል ተጽፎበታል፤ ውስጡ ያሉት ጥቃቅን ፍሬዎች ከእርሳስ ሳይሆን ከብረት የተሠሩ ናቸው ማለት ነው። ቅዳሜ ዳክዬ አደን ልወጣ ነው አለ።

«እንዳታጎርሳት» አልኩት። «መጀመሪያ እንለካለን።»

ከዚያ በኋላ ለቀናት በቴሌግራም ስንመላለስ የተነጋገርነውን ነው እዚህ የማስቀምጠው። እኔ የደሴ ልጅ ነኝ፣ ሥራዬ ግን ኮምቦልቻ ነው። ቶርኖ ላይ ቆሜ ብረት ስቆርጥና ስለካ ነው የምውለው። ጠመንጃ መያዝና መጥረግ ያስተማረኝ አባቴ ነው፤ ብረት ምን ሲሆን እንደሚያብጥ፣ ምን ሲሆን እንደሚሰነጠቅ ያስተማረኝ ደግሞ ሥራዬ። የብረት ፍሬ ያለው ጥይት በሚችለው ጠመንጃ ውስጥ ሲተኮስ ጤነኛ ነገር ነው፣ ውጭ ያሉ አዳኞች ለብዙ ዓመታት ተኩሰውታል። ጉዱ ያለው የያዝናትን ጠመንጃ ሳናውቅ ማጉረሱ ላይ ነው። ስለዚህ ስለ ጥይቱ ከማወራው በላይ ስለ ጠመንጃዋ አወራለሁ፣ ታገሱኝ።

አንድ ነገር ግን ይቅደም። አገር ቤት ያላችሁ፣ ጠመንጃችሁ በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት ፈቃድ ያላት መሆን አለባት። አደን ደግሞ ራሱን የቻለ ፈቃድ ይፈልጋል። የጠመንጃ ፈቃድ አለኝ ብሎ ጅግራ ላይ መተኮስ አይቻልም። ከውጭ የምትመጡ ደግሞ አደራ፣ ጥይት በሻንጣ ይዛችሁ እንዳትመጡ፣ አንድም ቢሆን። እዚህ የምጽፈው በተለይ እንደ አክስቴ ልጅ ከወሎ ወጥቶ ሕጉ ዳክዬ በእርሳስ ፍሬ አይታደንም በሚልበት አገር ለሚያድን ሰው፣ እንዲሁም የቆየ ሾትጋን በፈቃድ ቤቱ ላለው ሰው ነው።

ብረት ለምን መጣ?

ዶሮ ስናርድ ሆዷ ውስጥ ጠጠር እናገኛለን አይደል። ጥርስ ስለሌላት ጥሬውን የምትፈጨው በዚያ ነው። ዳክዬም እንደዚሁ ናት። ረግረግ ውስጥ ጠጠር ስትለቅም ከዓመት ዓመት የተተኮሰውን የእርሳስ ፍሬ አብራ ትለቅማለች። እርሳሱ ሆዷ ውስጥ ይፈጫል፣ ደሟ ውስጥ ይገባል፣ ከዚያ ክንፏ ዝሎ ትሞታለች። የሞተችውን የበላ አሞራም ይመረዛል። አሜሪካ በዚህ ምክንያት ከ1991 ጀምሮ ለዳክዬና ለዝይ አደን የእርሳስ ፍሬን በመላ አገሪቱ ከለከለች (ይህና ከዚህ በታች ያሉት የውጭ ዓመታት በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ዴንማርክ በ1996 ከለከለች። የአውሮፓ ኅብረት ደግሞ ከየካቲት 2023 ወዲህ በረግረግና በውኃ ዳር እርሳስ መተኮስን አግዷል። እርሳስ የምንበላው ሥጋ ውስጥም ይቀራል፣ ለልጆች አእምሮ ደግሞ ጠላት ነው። ስለዚህ ሰዎቹ ያለምክንያት አይደለም ያስቸገሩን። የእኛው ሐይቅ (ስሙም ሐይቅ ነው) ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር አይሞላም፤ ዳሩ ላይ ቆሜ ዳክዬዎቹ አንገታቸውን ውኃ ውስጥ ቀብረው ጭቃውን ሲያበጥሩ ባየሁ ቁጥር ይህ ነገር ትዝ ይለኛል።

ብረትና እርሳስ በአንድ ሞርሳ

ልዩነቱን በወሬ ከማስረዳ ያደረግኩትን ልንገራችሁ። ከመኪና ጎማ ባላንስ ላይ የወደቀች ቁራጭ እርሳስ ሞርሳ (ብረት ጨምቆ የሚይዝ መሣሪያ) መሃል አስገባሁና እጀታውን በሁለት ጣት አዞርኩት። እርሳሷ እንደ ሊጥ ተዘረጋች። ቀጥዬ ከተራ ሚስማር ቆርጬ አስገባሁ። በሁለት ጣት ንቅንቅ የለም። በሙሉ ክንዴ ስጠመዝዘው ሚስማሩ እንዳለ ቆየ፣ የሞርሳው አፍ ላይ የማለብሳት አሉሚኒየም ግን ጎደጎደች። ለአክስቴ ልጅ ቪዲዮውን ስልክለት «ገባኝ» አለ፣ ሌላ ማብራሪያ አላስፈለገውም።

አሁን ያንን ወደ ጠመንጃ አምጡት። የሾትጋን አፈሙዝ ጫፉ ላይ ብዙ ጊዜ ይጠባል። ቾክ የሚሉት ይህ ነው። ፍሬዎቹ ሰብሰብ ብለው እንዲወጡ ነው የሚጠበው። እርሳስ በዚያ ጠባብ ሲያልፍ እየተጨፈለቀ፣ ቅርፁን እየለወጠ ይወጣል። ብረት አይጨፈለቅም። ፍሬዎቹ እርስ በርስ ተቆላልፈው ወደ ጎን ይገፋሉ፣ ግፊቱን የሚቀበለው ደግሞ አፈሙዙ ነው። ጥበቱ ሲበዛ፣ ፍሬው ሲተልቅ፣ የአፈሙዙ ብረት ሲሳሳ ከቾኩ በስተኋላ ቀለበት የመሰለ እብጠት ይወጣል። ብሶበት የሚሰነጠቅም አለ።

ክብደቱም ይለያል። እርሳስ በአንድ ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር 11.3 ግራም ይመዝናል፣ ብረት 7.8 አካባቢ ነው። መጠኑ እኩል የሆነ የብረት ፍሬ በሲሶ ገደማ ይቀላል ማለት ነው፤ ስለዚህ አየር ቶሎ ያደክመዋል። አምራቾቹ ያንን ለማካካስ ፍሬውን ያተልቁታል፣ ፍጥነቱንም ይጨምሩለታል። ሁለቱም ለአሮጌ ጠመንጃ ጥሩ ዜና አይደለም።

ለጥይት የሚሠራው ብረት ሆን ተብሎ የለሰለሰ ነው። የኩሽኔታ ፍሬ ግን እንደ መስታወት የጠነከረ ነው፣ የቶርኖ ቢላ ራሱ ያንሸራትተዋል። አንድ ሰው «ክብ አይደለም ወይ፣ በኩሽኔታ ፍሬ ብንሞላውስ?» ብሎ ጠይቆኝ ያውቃል። በፍጹም። አፈሙዙን ያርሰዋል፣ ከዚያም በላይ ሊያፈነዳው ይችላል። የብረት ጥይት እቤት ተቀምጦ በእጅ አይሞላም። ከፋብሪካ የታሸገውን ብቻ።

እንግዲህ ወደ ሥራው።

1. ባዶ መሆኗን በዓይንም በጣትም አረጋግጡ

አፈሙዟን ሰው ወደሌለበት አዙሩ። ጣታችሁን ከቃታው አርቁ። ባለሁለት አፈሙዝ ከሆነች ስበሩና (ከመገጣጠሚያዋ አጥፋችሁ ክፈቷት ማለቴ ነው) ሁለቱንም ጉድጓድ እዩ፣ ከዚያ ትንሿን ጣታችሁን አስገብታችሁ ዳስሱ። ፓምፕ (ከፊት ያለውን እጀታ ወደ ኋላ ስበው የሚያጎርሷት) ወይም አውቶማቲክ ከሆነች ጥይት ሁለት ቦታ ይደበቃል፣ ከላይ በጥይት ቤቱ፣ ማለትም ጥይቱ ሲተኮስ በሚቀመጥበት ጉድጓድ፣ እና ከታች ባለው ቱቦ ውስጥ። ሁለቱንም። አባቴ አይቶ ጨርሶ እንኳ ለእኔ ያቀብለኝና «አንተም እይ» ይለኝ ነበር። ያኔ ያናድደኝ ነበር፣ አሁን ለልጄ የማደርገው እሱኑ ነው።

2. ውስጧን በብርሃን እዩ

አፈሙዙ ከሰደፉ የሚነቀል ከሆነ ንቀሉት። በደረቅ ጨርቅ ጥረጉት። ከዚያ ወደ መስኮት ወይም ወደ ሰማይ አቅንታችሁ በአንድ ዓይን ተመልከቱ። ጤነኛ አፈሙዝ ውስጡ ክብ ክብ ብርሃን እርስ በርሱ ተደራርቦ ይታያል፣ ልክ የጸዳ ጉድጓድ ውስጥ ፀሐይ እንደገባ። እብጠት ካለ ያ ብርሃን አንድ ቦታ ላይ ይቆረጥና ጥቁር ቀለበት ይሠራል። ቀስ ብላችሁ እያሽከረከራችሁ እዩ። ከውጭ ደግሞ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ከኋላ ወደ ጫፍ ዳስሱ። ዓይን የሚያልፈውን ጣት አያልፈውም።

አንድ ጊዜ የገጠር ሰው አፈሙዝ ብቻ በጆንያ ጠቅልሎ ሱቄ መጣ። «ይህችን ትንሽ አቃኑልኝ» አለኝ። ከጫፉ አንድ ስንዝር ገባ ብሎ ቀለበት የመሰለ እብጠት አለው፣ ጣቴ ስታልፍበት ጉብ ትላለች። ምን ሆኖ ነው ስለው፣ ሲጠርግ የረሳው ጨርቅ ውስጡ ነበር። ያንን ጨርቅ ሳያይ ተኮሰ። እግዜር ጠብቆት ነው እጁ የተረፈው። አላቃናውም አልኩት፤ ያበጠ አፈሙዝ ብረቱ ተለጥጦ ሳስቷል፣ ወደ ውስጥ ብትቀጠቅጠው የሳሳው አይወፍርም። ብዙ ተከራከረኝ። እኔም ሻይ አዝዤለት ያንኑ ደጋግሜ ነገርኩት፣ በስተመጨረሻ ይዞት ሄደ። እስካሁን ሳስበው «ሌላ ሰው ቀጥቅጦ ሰጥቶት ይሆን?» እላለሁ።

ዝገት የበላው ጉድጓድ፣ ስንጥቅ፣ ጎድጎድ ያለ የምት ምልክት ካያችሁ እዚያው ቁሙ። ጠመንጃ የሚያውቅ ባለሙያ ሳያያት ብረትም እርሳስም አይተኮስባትም።

3. ላይዋ ላይ የተጻፈውን አንብቡ

አፈሙዙ ሲነቀል ከሥሩ፣ ጠፍጣፋው ቦታ ላይ ጥቃቅን ማኅተሞች አሉ። ቅባቱን ጠርጋችሁ በስልክ ካሜራ አጉሉት። የአክስቴ ልጅ የላከልኝ ፎቶ መጀመሪያ ጭጋግ ብቻ ነበር፤ በጥርስ ብሩሽ ፈትጎ፣ መብራቱን ከጎን አድርጎ ደግሞ ሲያነሳው ሁሉም ወጣ።

መጀመሪያ የብረቱን ዓይነት እዩ። የአፈሙዙ ቆዳ ላይ እንደ ሹሩባ የተጠማዘዘ መስመር የሚታይ ከሆነ ዳማስከስ የሚሉት ነው፣ የብረት ጥብጣብ ተጠቅልሎ፣ ተቀጥቅጦ የተሠራ የድሮ አፈሙዝ። ብረት በዚህ አይተኮስም፣ አለቀ። የዘመኑ ባሩድ ራሱ አይተኮስበትም። አስውባችሁ ስቀሏት።

ቀጥሎ የፍተሻ ማኅተም። በብዙ የአውሮፓ አገሮች የሚሠራ ጠመንጃ ከመሸጡ በፊት በጠንካራ ጥይት ይፈተንና ማኅተም ይመታበታል። የጣልያን ጠመንጃ ላይ ፒ ኤስ ኤፍ (PSF) የሚሉ ፊደላት ካሉ ጭስ ለሌለው ባሩድ ተፈትኗል ማለት ነው። እሱ ትልቅ ነገር ነው፣ ግን ለማንኛውም ብረት ይሆናል ማለት አይደለም። ሲአይፒ የሚባለው ዓለም አቀፍ የጠመንጃ ፍተሻ ድርጅት የብረት ጥይትን ሁለት ቦታ ይከፍለዋል። አንደኛው ተራ ብረት ነው፤ በ12 ካሊበር (ካሊበር የአፈሙዙ ስፋት ቁጥር ነው፣ ቁጥሩ ሲያንስ አፈሙዙ ይሰፋል) ግፊቱ እስከ 740 ባር፣ ፍሬው እስከ 3.25 ሚሊ ሜትር። ሁለተኛው ከፍተኛ ግፊት ያለው ነው፣ እስከ 1050 ባር ይደርሳል። ይህን ሁለተኛውን የሚችል ጠመንጃ ባለ ሦስት ቅጠል አበባ ማኅተም ይደረግለታል፣ ፍሎር ዴ ሊስ ይሉታል። አበባዋ ከሌለች ከፍተኛውን አታጉርሱ። ልመናዬ ነው።

አሜሪካ የሚሸጠው የብረት ጥይት በዚህ ደንብ የተከፈለ አይደለም፣ አብዛኛው ፍጥነቱ ከፍ ያለ ነው። ስለዚህ የአውሮፓ አሮጌ ጠመንጃ ይዛችሁ አሜሪካ ከሆናችሁ እያንዳንዱን ካርቶን እንደ ከፍተኛው ቁጠሩት።

ከዚያ የጥይት ቤቱ ርዝመት። 65፣ 70 ወይም 76 ተብሎ በሚሊ ሜትር ይጻፋል፤ አሜሪካኖቹ 70ውን 2 ከሦስት አራተኛ ኢንች፣ 76ቱን 3 ኢንች ይሉታል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚታለልበት ነገር አለ። ጥይት ላይ የተጻፈው ርዝመት ቀለሃው ከተተኮሰ በኋላ አፉ ተከፍቶ ያለው ነው። ገና ያልተተኮሰ ጥይት አፉ ስለታጠፈ ያጥራል፣ ስለዚህ የ76ቱ ጥይት 70 ቤት ውስጥ ሰተት ብሎ ይገባል፣ ጠመንጃዋም ግጥም ብላ ትዘጋለች። ሲተኮስ ግን የሚከፈትበት ቦታ አያገኝም፣ የቀለሃው አፍ መውጫውን ያጠበዋል፣ ግፊቱ ይንራል። መግባቱ ይሆናል ማለት አይደለም።

ካሊበሩንም አደራ። 20 ካሊበር ጥይት 12 ካሊበር ጠመንጃ ውስጥ ይንሸራተትና ወደ ፊት ሄዶ ይሰነቀራል። ከኋላ ስታዩት ባዶ ይመስላል። «አላጎረስኩም እንዴ?» ብላችሁ 12ቱን ትጨምራላችሁ። ከዚያ በኋላ የሚሆነውን መጻፍ አልፈልግም። 20 ካሊበር ቢጫ ቀለሃ እንዲሆን የተለመደው በዚህ ነው። ሁለቱን አንድ ኪስ ውስጥ አታስቀምጡ።

4. ጥበቱን ለኩ

ይህ የእኔ ሥራ ስለሆነ ትንሽ ልረዝምበት ነው።

ብዙ አሮጌ የአውሮፓ ጠመንጃ ላይ ቾኩ በኮከብ ይጻፋል። አንድ ኮከብ ሙሉ ቾክ ነው፣ አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ይጠባል። ሁለት ኮከብ ሦስት አራተኛ፣ ሦስት ኮከብ ግማሽ፣ አራት ኮከብ ሩብ። ኮከቡ ሲበዛ ጥበቱ እንደሚቀንስ ልብ በሉ፣ ሰው ተገላቢጦሽ ነው የሚረዳው። በባለሁለት አፈሙዝ ደግሞ አንደኛው ከሌላኛው ይለያል፣ ሁለቱንም ለየብቻ።

ጽሑፉ ብቻ አይበቃም። አሮጌ ጠመንጃ በሃምሳ ስልሳ ዓመት ዕድሜዋ ውስጥ ማን እንደሞረዳት፣ ማን እንዳሰፋት አይታወቅም። የአክስቴ ልጅ አሜሪካኖቹ የሚያደርጉትን አድርጎ ዳይም የምትባለዋን ሳንቲም አፈሙዙ ላይ ደቀነ። ሳንቲሟ 17.9 ሚሊ ሜትር ናት። «አልገባችም፣ ሙሉ ቾክ ናት ማለት ነው» አለኝ። ሊሆን ይችላል፣ ላይሆንም ይችላል። 12 ካሊበር አፈሙዝ ውስጡ 18.5 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው ቢባልም፣ ከፋብሪካ ፋብሪካ ከፍ ዝቅ ይላል። ቾክ ማለት የጫፉ ስፋት አይደለም፤ በጫፉና በውስጡ መካከል ያለው ልዩነት ነው። ውስጡ 18.2 ሆኖ ጫፉ 17.7 ቢሆን ግማሽ ቾክ ነው። ውስጡ 18.7 ሆኖ ጫፉ ያው 17.7 ቢሆን ሙሉ ቾክ ነው። ሳንቲሟ ሁለቱንም ላይ አትገባም።

ካሊፐር የሚባለው ባለጥርስ መለኪያ ያለው ሰው ጫፉን ይለካል፣ ውስጡን ግን አይደርስበትም፤ የካሊፐር ጥርስ አጭር ነው። ውስጡ የሚለካው ከጥይት ቤቱ በኩል 23 ሴንቲ ሜትር ገባ ብሎ ነው፣ ለዚያም ረዥም የውስጥ መለኪያ ያስፈልጋል። ጠመንጃ ጠጋኝ ጋ አለ። ውጭ አገር ያላችሁ ሂዱና አስለኩ፣ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። በአይን ግምት እንዳትወስኑ፤ እኔ ዕድሜ ልኬን ብረት ስለካ የኖርኩ ሰው ሩብ ሚሊ ሜትር በዓይኔ ለይቼ አላውቅም።

ቁጥሩ ሲመጣ ደንቡ ቀላል ነው። ለብረት ከግማሽ ቾክ በላይ አትሂዱ፣ ማለትም ከ0.5 ሚሊ ሜትር የጠበበ አይሁን። ፍሬው ከ4 ሚሊ ሜትር ከተለቀ ደግሞ የአበባ ማኅተም ቢኖራችሁም ከግማሽ ቾክ አትለፉ። ደግሞም አይጎዳችሁም፤ ብረት ሳይጨፈለቅ ክብ እንደሆነ ስለሚወጣ በግማሽ ቾክ የሚሰበሰበው እርሳስ በሙሉ ቾክ የሚሰበሰበውን ያህል ነው።

አዲስ ጠመንጃ ከሆነች ቾኩ በብሎን የሚገባ ነው። አንዳንዱ ላይ ለብረት አይሆንም ተብሎ ተጽፏል። አንብቡት፤ ካልገባችሁ የጠመንጃዋን መመሪያ መጽሐፍ አውጡ። ቾኩን እስከ መጨረሻው አጥብቁት፣ ላልቶ ሲተኮስበት ጫፉ ይቀደዳል።

5. ካርቶኑን አንብቡ

የካሊበሩንና የርዝመቱን ነገር ብያለሁ። የቀረው የፍሬው መጠን ነው። ቁጥሩን አትመኑ፣ ሚሊ ሜትሩን እዩ። የአሜሪካ 4 ቁጥር 3.3 ሚሊ ሜትር ነው፣ የእንግሊዝ 4 ቁጥር 3.1። ሁለቱም «4» ናቸው። ቁጥሩ ሲያንስ ፍሬው ይተልቃል። በእርሳስ የለመዳችሁትን በብረት ስትተኩሱ በሁለት ቁጥር የተለቀ ፍሬ መውሰድ የቆየ ልማድ ነው፤ በእርሳስ 6 ትተኩሱ ከነበረ በብረት 4። የአሜሪካ 2 ቁጥር 3.8፣ ቢቢ የሚሉት ደግሞ 4.6 ሚሊ ሜትር ነው፤ ቢቢ ለዝይ ነው፣ ለአሮጌ ጠመንጃ አይታሰብም።

ጥይቱ ውስጥ ፍሬዎቹ የሚቀመጡበት ወፍራም ኩባያ አለ። ብረቱ አፈሙዙን እንዳይፍቅ የሚጠብቀው እሱ ነው። ድሮ ፕላስቲክ ብቻ ነበር፣ አሁን አፈር ውስጥ የሚበሰብስም ይሠራል። ለዚህ ነው ጥይት ፈቶ ፍሬ መቀያየር ክልክል የሆነው።

ውኃ የነካው ወይም ለዓመታት እርጥበት ውስጥ የተቀመጠ የብረት ጥይት አትተኩሱ። ፍሬው ይዝግና እርስ በርሱ ይጣበቃል፣ እንደ አንድ ድንጋይ ሆኖ ቾኩን ይመታዋል። ሽማግሌው በምራቂ የሰጠው ካርቶን አንድ ጎኑ ውኃ ጠጥቶ ደርቆ ነበር፣ ፎቶው ላይ ቢጫ መስመሩ ይታያል። የአክስቴ ልጅ አላስተዋለውም። እኔ አየሁት።

6. ዓይን፣ ጆሮ፣ ቦታ

ልጅ ሆነን ጦሳ ተራራ ሥር ወንጭፍ ስንወረውር ድንጋይ ዓለት መትቶ ሲመለስ ስንቴ አምልጠናል። እርሳስ ዓለት ሲመታ ይጠፈጠፋል፣ ጉልበቱን እዚያው ይጥላል። ብረት ግን ክብ እንደሆነ ነጥሮ ይመለሳል። ከዓለት፣ ከደረቅ ግንድ፣ ከበረዶ፣ ከተኛ ውኃ ላይም ይነጥራል። ስለዚህ ዓለትና ጠፍጣፋ ብረት ላይ አትተኩሱ። የማይሰበር የመከላከያ መነጽር አድርጉ፣ አብሯችሁ የቆመውም ያድርግ። ተራ የፀሐይ መነጽር አይበቃም። ጆሮም እንዲሁ፤ የሾትጋን ድምፅ ከ140 ዴሲቤል ያልፋል፣ አንዴ የተጎዳ ጆሮ አይመለስም።

በምትተኩሱበት አቅጣጫ ቢያንስ 300 ሜትር ሰው፣ ከብት፣ ቤት መኖር የለበትም። እኛ አገር ሜዳ ባዶ መስሎ ባዶ አይደለም። ቦርከና ወንዝ ዳር ቁጥቋጦው ሥር እረኛ ተኝቶ ሊሆን ይችላል፣ እንጨት የምትለቅም ልጅ ልትኖር ትችላለች። ደግሞም እኛ ደሴና ኮምቦልቻ ያለን ሰዎች ካሳለፍነው በኋላ ተኩስ መስማት ምን እንደሚያስደነግጥ ታውቃላችሁ። ፈቃድ እያላችሁም ቢሆን የአካባቢው ኃላፊና ጎረቤት ሳያውቅ አትተኩሱ። ቢቀር የተሻለ ነው።

7. የመጀመሪያዎቹ ተኩሶች

አንድ ጥይት ብቻ አጉርሱ። ተኩሱ። ስበሩ፣ አፈሙዙን አሳልፋችሁ እዩ፣ በጣት ዳስሱ። ከዚያ ሁለተኛ። አምስት ያህል እንዲህ አድርጉ። ቾኩ አካባቢ አዲስ ጉብታ ካገኛችሁ ለዚያች ጠመንጃ ብረት አበቃ።

ድምፁ ሲያንስባችሁ፣ «ቡፍ» ብሎ ሲወጣ፣ ሌላ እንዳታጎርሱ። ኩባያው አፈሙዙ ውስጥ ቀርቶ ሊሆን ይችላል። አውጡ፣ በብርሃን እዩ። ቃታ ስባችሁ ካልተኮሰ ደግሞ አፈሙዙን ወደ ዒላማው እንደያዛችሁ ቢያንስ 30 ሰከንድ ጠብቁ። ቸኩሎ መክፈት ፊት ላይ የሚፈነዳ ነገር ያመጣል።

8. በወረቀት ሞክሩ

አንድ ሜትር በአንድ ሜትር የሆነ ወረቀት ስቀሉ፣ መሃሉ ላይ ምልክት አድርጉ። ልታድኑ ባሰባችሁበት ርቀት ቆማችሁ ተኩሱ። ለተራ ብረት 30 ሜትር ይበቃል፣ ከ35 በላይ ወፍን አቁስሎ መልቀቅ ነው። ከዚያ ፍሬው የበዛበትን አካባቢ ማዕከል አድርጋችሁ 75 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ክብ ሥሩና ቀዳዳውን ቁጠሩ። መሃሉ ላይ ወፍ የምታክል ባዶ ቦታ ካለ ጥይቱን ወይም ቾኩን ቀይሩ፣ ቅረቡም። ሦስት ወረቀት ሳትቀዱ አትፍረዱ። አንዳንድ የተኩስ ሜዳ ብረት አያስተኩስም፣ አስቀድማችሁ ጠይቁ።

9. ስትጨርሱ

ባዶ መሆኗን እንደገና። በሚነቀል ቾክ ዙሪያ የቀለጠ ፕላስቲክ ይጋገራል፤ አውጥታችሁ ፈትጉት፣ ጥርሱን ቅባት ቀብታችሁ መልሱት። ጨርቁን ቁጠሩ፣ ስንት ገባ ስንት ወጣ፤ ያንን ባለ ጆንያ ሰውዬ አስታውሱት። ጥይቱ ደረቅ ቦታ፣ ጠመንጃዋ ተቆልፋ ሌላ ቦታ፣ ቁልፉ ልጅ የማይደርስበት። ያደናችሁትን ስታበስሉ ሥጋውን በጣት እየፈለጋችሁ ፍሬውን አውጡ፤ ብረት ጥርስ ይሰብራል።

የአክስቴ ልጅ ጠመንጃ ተለክታ ስትመጣ እንዲህ ሆነች። የቀኙ አፈሙዝ ግማሽ ቾክ፣ የግራው ሙሉ፣ የጥይት ቤቷ 65 ሚሊ ሜትር። አበባ የለም። ካርቶኑ ላይ ደግሞ 76 ተጽፏል። ቢያጎርሳት ትዘጋለት ነበር፣ ይተኩስም ነበር። ጠጋኙ ብትፈልግ ቢስመዝ የሚባል ለስላሳ ፍሬ ያለው፣ ርዝመቱና ግፊቱ ለእሷ የሚሆን ጥይት አለ ብሎታል። ብረት አይደለም፣ እርሳስም አይደለም፣ ዋጋው ግን ይወደዳል። «ለእሷ ሲሆን እከፍላለሁ» አለኝ። ለዳክዬው ቾኳ የሚፈታ ፓምፕ ከጓደኛው ተዋሰ። በዚያው ቅዳሜ አልወጣም፤ ወረቀት ሲቀድ ነው የዋለው። ማታ የወረቀቱን ፎቶ ላከልኝ፣ ቀዳዳውን በቀይ እስክሪብቶ እየከበበ ቆጥሮታል። ከበስተጀርባ ግድግዳው ላይ አሮጊቷ ተሰቅላ ትታያለች፣ ልክ ደሴ እንደነበረችው፣ አፈሙዟ ወደ ላይ።